ጋሽ ጀማለዲንና የወይራው ቁራጭ

የአቶ አስናቀው የጭነት መኪና ጠዋት ሲነሳ፣ አንድ ሰው ኮፋኖው ሥር ተቀምጦ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚያንገጫግጭ ይመስል ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ሲጨመርለት ተመልሶ ይመጣል። ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው። እኔ ሾፌሩ ነኝ፤ ከደጀን ጤፍ እየጫንኩ ጎጃም በረንዳ አራግፋለሁ። አቶ አስናቀው የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ቃላቸው አጭር ነው። ድምፁ እስከ ቅዳሜ ካልጠፋ መኪናውን ለብረት ገዢ እንደሚሸጡት፣ እኔም ሌላ እንጀራ እንድፈልግ ነገሩኝ። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች አሉኝ።

ሁለት መካኒኮች አይተውት ሞተሩ ወርዶ ይበተን ብለዋል። ረቡዕ ጠዋት መኪናውን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ወደሚሠሩት ወደ ጋሽ ጀማለዲን ወሰድኩት።

ጋሽ ጀማለዲን ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው መርካቶ በተሸካሚነት የጀመሩ ሰው ናቸው። በኋላ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ዕቃ ከማጠብ ተነሥተው ሞተር እስከ መፍታት ዐሥራ አራት ዓመት ቆዩ። መሣሪያውን ሁሉ በጣሊያንኛ ይጠሩታል፣ ሲቆጥሩ ግን በአገራቸው ቋንቋ ነው። ክዳን ሲፈቱ ቅርጹን ካርቶን ላይ ይስሉና እያንዳንዱን ቡሎን በየቦታው ይሰኩታል። እሳቸው ዘንድ የተፈታ ዕቃ መሬት ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

እኔ ስለ ሁለቱ መካኒኮች ስተርክ እሳቸው አልሰሙኝም። አንድ ረጅም ዘንግ አነሡ፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከጎን እስከ ፊት ቦታ እየቀያየሩ አዳመጡ። ፊት ለፊት ክዳኑ ላይ ሲደርሱ ዘንጉን አቆሙት።

"ሰንሰለቱ ነው" አሉ። "ሞተሩን የሚበትን ሰው ገንዘብህን ነው የሚበትነው።"

ያ ሰንሰለት የሞተሩን ዋና ዘንግ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ጋር ያያይዛል። ከላላ ይንጫጫል፤ አንድ ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ይቆማል። አባይ በረሃ ውስጥ ጭነት ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የወረደበት ያውቃል። እንዳይላላ ከጎኑ ተጭኖ የሚይዘው ምላስ የሚባል አንድ ዕቃ አለ። ጋሽ ጀማለዲን ይህን ሲያስረዱኝ ዞር ብዬ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመርኩ። የዚያን ምላስ ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

ሐሙስ ክዳኑ ሲፈታ አቶ አስናቀውም ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ መጥተው ቆመዋል። ጋሽ ጀማለዲን በካቻቢቴያቸው ጫፍ አንድ ያበጠና የተፈረካከሰ ጥቁር ነገር አወጡ። አሸተቱት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ።

"ምንድን ነው?" አሉ አቶ አስናቀው።

"የጎማ ቁራጭ ነው ጌታዬ። ጎማ ትኩስ ዘይት አይችልም፤ ያብጣል፣ ይፈርሳል። ፍርፋሪው የዘይቱን ወንፊትም ደፍኗል።"

"ማን ነው ያስገባው?"

"እኔ ሞተር ነው የምፈታው። ያስገባው ሰው ራሱ ይናገር።" ቁራጩን መዳፌ ላይ አኖሩልኝና ለሶላት ሊታጠቡ ሄዱ።

እኔና አቶ አስናቀው ብቻ ቀረን። ነገርኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ምላሱ አልቆ ስለነበር፣ መኪናው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ከመኪና ጎማ በረባሶ ከሚሠራ ጫማ ሰፊ ዘንድ ጎማ አስቆርጬ ራሴ እንዳስገባሁት፣ ለማንም እንዳልተናገርኩ፣ ያን ጊዜም በብልሃቴ ኮርቼ እንደነበር። አቶ አስናቀው ቁራጩን ከእጄ ወስደው ገለባበጡት።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አባይን የወረድነው በበረባሶ ነው?"

"አዎን ጌታዬ።"

አፋቸው ሊስቅ ሲል ያዙት። "ቅዳሜ ያልኩት ቅዳሜ ነው" ብለው ሄዱ። አላባረሩኝም።

አዲሱ ምላስ ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባልን። ጋሽ ጀማለዲን ከሶላት ሲመለሱ የሆነውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ጣሊያኑ ዕቃ ሲጠፋ ምላሱን ከእንጨት ይሠራ እንደነበር አስታውሰው፣ ካልተሰነጠቀ የግንድ ልብ የተቆረጠ የደረቀ ወይራ እንዳመጣ ላኩኝ። ራጉኤል አጥር ሥር መቋሚያ ጠርቦ ወደሚሸጠው ወደ ኃይለየሱስ ሄድኩ። ለሞተር መሆኑን ስነግረው ሥራውን አቆመ።

"ሞተራችሁ ማኅሌት ሊቆም ነው እንዴ?"

ቢስቅብኝም ሰባት ዓመት ካደረቀው ግንድ መርጦ ቆረጠልኝ። ቀልዱን ለጋሽ ጀማለዲን ብነግራቸው፣ "ይቁም፣ ዜማውን ብቻ ይተው" አሉ።

ወይራውን በሞረድ ቀርጸው ከሰንሰለቱ መንገድ ጋር አስማሙት። ዓርብ ጠዋት በሞተር ዘይት ውስጥ በቀስታ እሳት ቀቀሉት፤ አረፋው እስኪቆም፣ ማለትም እርጥበቱ ሁሉ እስኪወጣ። ከዚያ በሁለት የመዳብ ሚስማር ምላሱን ከጀርባ ከሚደግፈው ብረት ጋር አያያዙት፤ ሰንሰለቱ እንዳይነካቸው የሚስማሮቹን ራስ ወደ እንጨቱ ውስጥ አሰጠሙ። ወንፊቱን እኔ አጠብኩ። በሁለቱ ዘንጎች ጥርሶች ላይ ያለውን ምልክት ሦስት ጊዜ አስተያይተው፣ እኔንም አሳይተው ክዳኑን ዘጉ። ካርቶኑ ላይ አንድም ቡሎን አልቀረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ አቶ አስናቀው መጡ። ብረት ገዢውም ከኋላቸው ነበር። ጋሽ ጀማለዲን አስነሳ አሉኝ። አስነሳሁ። ያንን የማዳመጫ ረጅም ዘንግ ሲያነሡ ራሳቸው ሊሰሙበት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከጋቢና አስወርደው ለእኔ ሰጡኝ።

"አንተ አዳምጥ። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምትሰማው አንተ ነህ። በየሁለት ወሩ ክዳኑን ክፈትና እንጨቱን እይ፤ ሲሳሳ ለባለቤቱ ንገር።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዘይት ሲፈስ፣ ሰንሰለቱም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲሄድ ሰማሁ። ሌላ ምንም።

አቶ አስናቀው ወደ ብረት ገዢው ዞረው ለመምጣቱ አመሰገኑት። ከዚያ ለእኔ፣ "ሰኞ ደጀን ጭነት አለ" አሉኝ።

ያንን መኪና ሌላ ስድስት ዓመት ነዳሁት። በየሁለት ወሩ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ወይራው ሲሳሳ ተናገርኩ፣ ሁለት ጊዜም ኃይለየሱስ ዘንድ ተመለስኩ። ልጆቼ የበሉት እንጀራ በዚያ ነው የመጣው። ጋሽ ጀማለዲን ያን ሐሙስ በእኔ ፈንታ ቢናገሩ ኖሮ እውነት በተናገሩ ነበር፤ እኔ ግን ሥራዬን ባጣሁ ነበር። ዝም ብለው ለሶላት መሄዳቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።