ራሱን ተላጭቶ የመጣው ሰው

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የማናውቃት ሴት ደረቷን እየመታች ገባች። ከሟቹ ሚስት በላይ አለቀሰች። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማዬ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት? ምን አስባ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለችኝ። ልጄ እዚሁ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የገባውን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ ለምዶባታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጥያቄው ሳይሆን ድምፅዋ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በእናቴ ተዝካር ላይ የወጣው የራሴ ድምፅ ነበር።

ጠርጣራ ሆኜ ነው የተፈጠርሁት። አጎቴ ደምሴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ ምክሩን ደግሞ ከዳዊት በፊት ነው በቃሌ የያዝሁት። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ቤታችን እናቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምጠረጥረው እርሷን ነበር። የምጠረጥርበት ምክንያትም አላጣሁም። እናቴ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ስንቋን ቋጥራ ብልባላ ትሄዳለች። አንድ ሙሉ ቀን በእግር ሄዳ፣ አድራ፣ በማግስቱ ትመለሳለች። ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት «ጊዮርጊስን ልሳለም» ትለኛለች።

አሁን ይህን ነገር እናንተ ፍረዱ። የላሊበላ ሰው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከደጁ ያለ ሰው፣ ጊዮርጊስን ልሳለም ብሎ ብልባላ ይሄዳል? ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ብላት ሳቀችና፣ «የዚያኛው ደግሞ ስለቴን ይሰማል» አለችኝ። ስትሄድ ቋጠሮዋ ከባድ ነው፤ ስትመለስ ባዶ። ገበያ ሄዳ ቢሆን የሚሆነው በተቃራኒው ነበር። ወንድ ይኖራት ይሆን ብዬ አስቤአለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የሞተችው በታኅሣሥ ነው፣ ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ተሳላሚው በየአቅጣጫው መምጣት ጀምሮ ነበር። በሌላው ዓመት ቢሆን በዚያ ሰሞን እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ውሃ ታሞቅ፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ሰው ሁሉ እግር ታጥብ ነበር። ስማቸውን እንኳ አትጠይቃቸውም። እኔ ነበርሁ ከኋላዋ ቆሜ «ከየት ናችሁ? ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» የምለው።

አርባዋ የዋለው ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። አዝመራው ተወቅቶ ገብቷል፤ ጭዱ በየጓሮው ተከምሯል፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ዳሱ ውስጥ ይበትነዋል። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ተቀመጡ። ዳቦው ተቆረሰ፤ የገብስ ጠላው ወረደ። ጠላው ትንሽ ሞቅ ሲያደርጋቸው ሰዎቹ ስለ እናቴ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ጎረቤታችን «ከእንግዲህ በርበሬያችንን ማን ይቀምስልን?» አለ። እውነቱን ነው፤ በሰፈሩ የተደለዘ በርበሬ ሁሉ በእናቴ ምላስ ካላለፈ እንደ ጥሬ ይቆጠር ነበር። ሌላዋ ደግሞ ዘፈኗን አነሣች። እናቴ ዘፈን ትወድዳለች እንጂ ዘፈን አይወድዳትም፤ እርሷ ስታወጣ ከበሮ መቺው ምቱ ይጠፋበታል። ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቁ መሀል ደግሞ እንባ መጣ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ። ይህች ሁሉ የሚወዳት ሴት የእኔ ናት ብዬ ኮራሁ።

ሰውየውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ልበል እንጂ በእኔ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነበር። የቅርብ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ሰሌን ላይ፣ ከአክስቶቼ ልጆች ጎን ተቀምጧል። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል። በእኛ አገር ሰው ለሩቅ ወዳጅ ራሱን አይላጭም። ለአባቱ፣ ለእናቱ፣ ለወንድሙ ነው የሚላጨው።

አጎቴ ደምሴ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ያን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። በግ ጎትቶ ነው የመጣ። በግ ይዞ የመጣ መሬት ይዞ ይሄዳል፣ ብዬሻለሁ።»

ከከተማው በታች አንዲት የገብስ ማሳ ነበረችን። ደብተሩ ገና በእናቴ ስም ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያሳሰበኝ ማሳው ብቻ አልነበረም። ከኋላዬ የተቀመጡት አሮጊት «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰምቼ ነበር። አፍንጫውን ከእናቴ አፍንጫ፣ ጆሮውን ከራሴ ጆሮ ጋር ማስተያየት ጀመርሁ። የሚጠራጠር ሰው የፈለገውን አያጣም፤ አገጩ ላይ እናቴን ቁርጥ አገኘኋት። ብልባላ ታወሰኝ። ያ ከባድ ቋጠሮ ታወሰኝ። 

ተነሥቼ ፊቱ ቆምሁ። ዳቦ ቆርሰው ገና መስጠታቸው ነበር፤ በእጁ ይዞታል።

«ወንድሜ፣ ከየት ነህ?»

«ከብልባላ።»

«በእናቴ ወገን ነህ በአባቴ? ዘርህን ቁጠርልን።»

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የኛ ሰው ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ልጅ እንኳ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ያወርዳል። መቁጠር ያልቻለ፣ በአደባባይ ዘር የለህም ተባለ ማለት ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የተናደደ አልመሰለኝም፤ ግራ የገባው ይመስል ነበር።

«ምነው እቴ፣ ታውቂ የለ?» አለ ቀስ ብሎ። «ለእናቴ ነው የመጣሁት።»

 ካህናቱ ሳይቀሩ ወደ እኛ ዞሩ።

«እናቴ ከእኔ በቀር ልጅ የላትም» አልሁ። ድምፄ እስከ ደጅ ድረስ ተሰማ። «ወገን የሆነ ዘሩን ይቁጠር። የማይቆጥር ከዚህ ሰሌን ይነሣ። መሬት ፈላጊም ከሆንህ ቀበሌ ሂድ።»

ልጁ ዳቦውን አልቀመሰውም። መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለና «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ወጣ። በጉ ከግንዱ እንደታሰረ ቀረ። አጎቴ በርቺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔም የእናቴን ስም ያዳንሁ መስሎኝ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ብዙ ሳይቆይ እትዬ አስካለ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። እትዬ አስካለ የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ላይ ነበረች። ዓይኗ ሰሌኑ ላይ ተንከራተተ።

«ምስጋናው የት ሄደ? ራሱን ተላጭቶ ሲገባ አይቼ አወቅሁት፤ ይህን ወጥ ላውጣና ልስመው ብዬ…»

«ያ የተላጨው? እኔ ነኝ ያስነሣሁት።»

እትዬ አስካለ እቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ወየው ጥሩነሽ» አለች የእናቴን ስም ጠርታ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ነገረችኝ።

በዚያ በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ እኔ የአራት ወር ልጅ ነበርሁ። እናቴና እትዬ አስካለ እህል የሚታደልበት ሜዳ ላይ ከብዙ ሕዝብ ጋር ሰፍረው ነበር። አጠገባቸው የነበረች የብልባላ ሴት አንድ ጠዋት ሳትነሣ ቀረች። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ነበር። እናቴ አንሥታ አቀፈችው። «አንዱን ጡት ላንቺ፣ አንዱን ለርሱ» አለችኝ እትዬ አስካለ። «ወተቱ ላንዳችሁም አይበቃ። ሁለታችሁም ትሞታላችሁ ብያት ነበር። አልሰማችኝም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ የአባቴ እናት በሩ ላይ ቆሙ። የጡት ልጅም ልጅ ነው፤ ነገ ድርሻዬን ይላል ብለው ፈሩ። ልጁ ያን ደጅ ዳግመኛ እንዳይረግጥ እናቴን አስማሏት። እናቴ ማለች፤ ሕፃኑንም ብልባላ ለአክስቱ ወስዳ ሰጠች። «እሱ እንዳይመጣ ነው እንጂ እኔ እንዳልሄድ አልማልሁም» ትል ነበር አለችኝ። አያቴ ከሞቱ በኋላም መሐላውን አላፈረሰችም፤ ለእኔም አልነገረችኝ። ምስጋናው ግን የእናቴ መሐላ ከእናቴ ጋር መቀበሩን አስቦ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ገባ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ ብልባላ ተነሣሁ። እናቴ የምትሄድበትን መንገድ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቁልቁለት አለው፤ አቀበት አለው፤ እህል የጫኑ አህዮች ያልፋሉ፤ አንድ ኢሱዙ አቧራ አልብሶኝ ሄደ። ቆሎዬን እየቆረጠምሁ፣ የምለውን ቃል ሳዘጋጅና ሳፈርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ምስጋናው ከአክስቱ ግቢ የፈረሰ ካብ ሲክብ አገኘሁት። አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

«ምን ቀረሽ?» አለኝ። «ሰባት ቤት ቆጥሬ እንድጠብቅሽ ነው?»

«አላውቅም ነበር። እናቴ አልነገረችኝም።»

እጁ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ እኔ እርሱን እንዳየሁት ዓይነት፣ ከእግር እስከ ራስ።

«ለእኔ ስላንቺ ታወራኝ ነበር» አለ። «የምትወጅውን፣ የምትጠይውን፣ ኩርፊያሽን ሳይቀር። እንዳልነገረችሽ በምን ልወቅ? እያወቅሽ የካድሽኝ መሰለኝ።»

 ከካቡ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ በዳይ ምሕረት ሲለምን እንደሚያደርገው። ከበደኝ። እርሱም ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደልኝና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ከዚያ ካቡ ላይ አስቀመጠው። አክስቱ አጥሚት ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። እዚያው አደርሁ። እናቴ ትተኛበት የነበረውን መደብ አሳዩኝ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። ምስጋናው ዛሬ የልጆች አባት ነው። ለእናቴ ሙት ዓመት ይመጣል፤ ሠርጌ ላይ በግ ይዞ መጣ፤ ልጄን «የእህቴ ልጅ» ብሎ ይጠራታል። ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ደጄ ሳይደርስ አይሄድም። ግን አንድ ቀን እንኳ እቤቴ እህል ቀምሶ አያውቅም። «ጾም ላይ ነኝ» ይላል። ለክርስቲያን መቼም ጾም አይጠፋም፤ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ። በፋሲካ ሳምንት ግን ምን ጾም አለ? «ሆዴን አሞኛል» ይላል ያን ጊዜ። ደስ በሚል ፈገግታ ነው የሚለው።

ምሕረቱ ከልቡ ነው አይደለም እያልሁ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። መጠርጠር እንደሆነ አልተወኝም። ልጄ በዚያ ለቅሶ ላይ ስለማናውቃት ሴት ስትጠይቀኝ፣ «ዝም በዪ፣ ጠጋ በዪላት» ብቻ ነው ያልኋት። የቀረውን እቤት ገብተን ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ «አያቴ ግን ያንቺን ወተት ለሌላ ስትሰጥ አልጨከነችብሽም?» አለችኝ። ብዙ አስቤበታለሁ። እናቴ ሳትጠይቀኝ ሰጠችው፤ ደግ አደረገች። አፍ ኖሮኝ ብትጠይቀኝ ኖሮ እምቢ እላት ነበር።