ከሬዲዮ ኮንደንሰር የሠራኋት መስኮት

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን የምናገረው አፍሬ አይደለም። በደርግ ዘመን ላፍቶ በነበረው የድንጋይ መመርመሪያ ቤታችን፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡት መሐንዲሶች ማሽን ሲቆምባቸው «ሰውዬው የት ሄደ?» እያሉ የሚፈልጉት እኔን ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከማሽን መመሪያ ነው። ዛሬም ከፈረንጅ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ይቸግረኛል፤ ስለ ቫኩም ፓምፕ ከሆነ ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ትልቁ መሣሪያችን ድንጋይን በኤሌክትሮን የሚመረምር ነበር። ኤሌክትሮኑ ሲመታው ድንጋዩ ኤክስሬይ ይተፋል፤ ብረቱ የራሱን፣ ሶዲየሙ የራሱን። ኤክስሬዩ ወደሚቆጠርበት ክፍል የሚገባው በአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። ከመስኮቷ ወዲህ አየሩ ተመጥጦ የወጣ ባዶ ነው፤ ወዲያ ጋዝ አለ። ስለዚህ ጋዙን የሚያግድ፣ ኤክስሬዩን ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያስፈልጋታል። ያ ሽፋን አንድ ቀን ተቀደደ። ማሽኑን የተከለው ባለሙያ አገሩ ከገባ ቆይቷል። መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ምንዛሪው ደግሞ ለጦርነቱ ነው።

የተበላሸ የሬዲዮ ኮንደንሰር ፈታሁ። ውስጡ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይገኛል። እሱን ወጥሬ በሙጫ ለጠፍኩት፤ ጋዙን ያዘ። ብረት ያለበት ድንጋይ ብንለካ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ሆነ። አለቃችን በስብሰባ ላይ «ጓዶች፣ በራስ ኃይል መሥራት ማለት ይህ ነው!» ብሎ አስጨበጨበልኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ጂኦሎጂስት፣ መካኒሳ አቦ ጎረቤቴ የሆነ፣ ከገጠር ነጭ ድንጋይ አመጣ። ሶዲየም ስላለው ለሴራሚክ ፋብሪካ ይሆናል ብሎ ጽፎ፣ መንግሥት በእሱ ቃል ቦታውን አስቆፍሮ ነበር። እኛ ስንለካው ሶዲየሙ እሱ ካለው ግማሽ ሆኖ ወጣ። «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ቃል በቢሮው መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያስበላል።

ልጁ ማሽኑ ያለበት ክፍል ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ መስኮቷ ወፍራም ብትሆንስ?»

«ወፍራም? ብትተነፍስባት እኮ ትበራለች!»

«ለብረት ቀጭን ናት። የሶዲየም ጨረር ግን ደካማ ነው፤ ግማሹን ታስቀርበት ይሆናል። የምታመሳክሩት ደግሞ መስኮቷ ከመቀየሯ በፊት በተጻፈው ቁጥር ነው። ያ ሶዲየሙ የሚታወቀውን ማመሳከሪያ ድንጋይ እንደገና ይለኩልኝ። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።»

«ዲግሪህ ሶዲየም ካላገኘልህ የእኔ ኮንደንሰር ምን ያድርግልህ?» አልኩት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቃቸው ጣመኝ።

እሱ አልሳቀም። «እባክዎ ጋሼ፣ ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ ሐሙስ ይቀመጣል» አለኝ።

አልለካሁለትም። ኮሚቴው ስለ መሣሪያው ሲጠይቀኝ «እንከን የለበትም» ብዬ ፈረምኩ። ዓርብ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ልጁን ከጠረጴዛው አስነሥተው ወሰዱት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሰኞ ማመሳከሪያውን ድንጋይ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። አዝኜለት አልነበረም፤ ትክክል መሆኔን በቁጥር ላየው ፈልጌ ነው። ሶዲየሙ ከሚታወቀው ግማሽ ሆኖ ወጣ። ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ያው ግማሽ።

ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ወረቀቱን አየና በሩን ዘጋው። «የእሱ ጉዳይ ወደ ላይ ሄዷል። አንተም ተከትለኸው መሄድ ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም» አልኩ።

እሑድ ከአቦ ስወጣ የልጁ ሚስት ነጠላዬን ይዛ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ማሽኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ይላሉ። ተሳስቶ ይሆን?»

«ማሽን አይሳሳትም፣ ልጄ» አልኳት። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ማሽኑ አልተሳሳተም።

ከዚያ በኋላ ያከናወንኩትን ልናገር። ፕላስቲክ በሙቀት እየሳብኩ፣ አሥር ሲቀደድ አንዱ እየተረፈልኝ፣ ሶዲየም የምታሳልፍ ስስ መስኮት ሠራሁ። ፈረንጆች ራሳቸው እንደዚህ እንደሚስቡ በኋላ ከመጽሐፍ አነበብኩ፤ እኔ ሳላነብ ነው የደረስኩበት። የፓምፑን ጎማ ከመኪና ካላማዳሪ ቆርጬ ተካሁ። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ማሽኑ በእጄ አልቆመም። ከዩኒቨርሲቲ የተላኩ ልጆችን አስተማርኩ፤ በመጀመሪያው ቀን የማሳያቸው ማመሳከሪያ ድንጋይ መለካት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ነጩንም ድንጋይ በአዲሷ መስኮት ለካሁት። ሶዲየሙ ልጁ ካለው ጋር ልክ ነው። ቁጥሩን ጽፌ ፈረምኩበት፣ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ሌላ ተከራይ ነው። ሚስቱ የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጁም አልተመለሰም። ወረቀቱ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ።