ቢጫ ሪባን የታሰረበት ረድፍ

ሎሪን ኒውቦል ቦጎታ ተምራ፣ በባሕር ሕይወት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የትውልድ ደሴቷ ወደ ፕሮቪደንስ ስትመለስ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ ሁሉ እሷን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። የባሕር ዳርቻ ጽዳት ቢባል ሎሪን፣ ለተማሪዎች ማይክሮስኮፕ ማሳየት ቢባል ሎሪን። ጥቁሮቹ ሸርጣኖች እንቁላላቸውን ባሕር ውስጥ ሊጥሉ ከተራራ ሲወርዱ፣ አስፋልቱ ላይ ቆማ ሞተር ሳይክል የምታስቆመውም እሷው ናት። እናቷ ሚስ ቬልዳ፣ ለሸርጣን የምትሰጠውን ጊዜ ግማሹን ለባል ብትሰጠው እስካሁን አያት በሆንኩ ነበር እያሉ ለጎረቤት ያሟታል።

ሸርጣንን ያስወደዳት የእናቷ ወንድም አንቴሮ ነው። አባቷን ባሕር በልቶት ከቀረ በኋላ እንደ አባት ያሳደጋትም እሱ ነው። አንቴሮ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። በዚያ ደሴት ግን ይህ ወሬም አይደለም፤ ባለሱቁም ፓስተሩም በእጃቸው ያወራሉ። ስብሰባ ሲኖር አንቴሮ ደስ ያለው ቦታ ይቀመጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚባለውን በእጁ ያቀብለዋል፣ ብዙ ጊዜም ሐሜት ጨምሮበት።

ሎሪን ቦጎታ ሳለች መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች መብት ስትሟገት ነው የከረመችው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያልተመደበበትን ጉባኤ ጥላ ትወጣ ነበር። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለ ሸርጣኖቹ ለሕዝብ የምትናገርበት እሑድ ሲደርስ፣ ነገሩን በወጉ ልታደርገው ቆረጠች። በነፃ የምታገለግል አስተርጓሚ ከቦጎታ አስመጣች። ማንም እንዳይቀማባቸው ብላ፣ የፊቱን ረድፍ ለአጎቷና እንደ እሱ ላሉት ለይታ ቢጫ ሪባን አሰረችበት። በልቧ ያለው አንድ ነገር ነበር፤ አጎቷ የተናገረችውን አንድ በአንድ ተረድቶ እንዲኮራባት።

ሚስ ቬልዳ ሪባኑን ሲያዩ፣ «ቀብር አለ እንዴ?» አሉ። ሎሪን የእናቷ ተረብ መስሏት ሳቀች።

አንቴሮ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ክንዱን ይዛ ወስዳ ፊት አስቀመጠችው። ሪባኑን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። አይዞህ ለማለት ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሌሎቹ ግን ሪባኑን ከበር እንዳዩ ወደ ኋላ ሸሹ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ጥቁር ቀሚስ የለበሰችው አስተርጓሚ ፊት ለፊቱ ቆማ እጇን ታንቀሳቅስ ጀመር፤ ምልክቷ ግን የቦጎታ እንጂ የደሴቱ አልነበረም። አንቴሮ እየዞረ የሰዉን ፊት ያያል። ሰዉም ግራ ገብቶት ዓይኑን ይሰብራል። መሀል ላይ ተነሣ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

ሎሪን ንግግሩን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ምን አጠፋሁ? አሰለቸሁት? አስተርጓሚዋን ብትጠይቃት እሷም እንደሷው ግራ ተጋብታለች። ሕዝቡ ሳይበተን ወደ አጎቷ ቤት ሮጠች።

በሩ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መስተዋት ሬሳ እንዳለበት ቤት በአንሶላ ተሸፍኗል። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። አንቴሮ በጭነት መርከብ የሚሠራውን የልጁን የኤርቪንን ፎቶ ታቅፎ ተቀምጧል። ሲያያት ፎቶውን አስቀምጦ በእጁ ጠየቃት።

«አስከሬኑን አገኙት? ወይስ ባሕሩ አስቀረው?»

ሎሪን ክው አለች። «የማንን አስከሬን?»

«ከፊት አስቀመጥሽኝ። ትከሻዬን ነካሽ። መርዶ የምትነግር ሴት ከባሕር ማዶ አመጣሽ፤ እሷም በማላውቀው እጅ ነገረችኝ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።»

ያኔ ነው የገባት። በዚያ ደሴት ሪባን የታሰረበት የፊት ረድፍ የሟች ቤተሰብ ነው። እሷ ራሷ የአባቷ ለቅሶ ቀን፣ እግሯ መሬት ሳይደርስ፣ እዚያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እንዴት እንደረሳችው ለራሷም ገረማት፤ አፈረች።

ኤርቪን ጠዋት ከፓናማ የላከላትን ፎቶ ስልኳ ላይ አውጥታ ሰጠችው። መርከቡ ላይ ቆሞ፣ ሳህን ይዞ፣ አፉን ሞልቶ ይስቃል። አንቴሮ ስልኩን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ አንሶላውን ከመስተዋቱ ላይ ገፈፈ፣ በወጉ አጣጠፈው።

«ማንም ካልሞተ ለምን ለብቻዬ አስቀመጥሽኝ?» አላት።

ሎሪን ጉባኤ ላይ ስንቱን አፍ ያስያዘችበት መልስ ሁሉ ነበራት፤ አንዱም ለአጎቷ የሚነገር አልሆነላትም።

አንቴሮ ወንበር ስቦ ከጎኑ አስጠጋላት።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ያልሽውን ሁሉ እንደገና ንገሪኝ» አላት። «ከወጣሁ በኋላ ማን ምን እንዳለም ጨምሪበት።»

ተቀመጠች። በእጇ ከሸርጣኖቹ ጀመረችለት።