መውረጃውን የዘጋው እሾህ

የበደለኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ልጄ ሦስተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት። ዘመዶቻችን ነገሩን በእሱ አፍ ሰምተውታል። አሁን ከእኔ ይስሙት።

ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች ባለው ደን ድንኳን ተክለን እንድናድር ያሰበው እሱ ነበር። ጠዋት ቀድሞን ሄዶ ኩልፎ ወንዝ ዳር ቦታ ያዘ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል፤ እሳትም ይነዳል። የሚነደው የደረቀ የግራር እሾህ ነው። በዚያ ሁሉ ሾላ መካከል ግራር ከየት አመጣ ብዬ አሰብኩ። አልጠየቅኩትም። የባል ታላቅ ወንድም አይጠየቅም።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ላጥብ ጀሪካኑን ሳነሳ፣ «እሱ ለመጠጥ ነው» አለኝ። «ወንዝ አጠገብሽ ሆኖ፣ ሙሽሪት?» ስንት ዘመን ከኖርኩ በኋላም ሙሽሪት ይለኝ ነበር።

«እሺ ጋሼ» ብዬ ከልጄ ጋር ወረድኩ። የደኑ ዝንጀሮዎች ውሃ የሚጠጡት ከእኛ ርቀው፣ ከላይ በኩል ነው። እኛ ባለንበት አንድም አልነበረም። ልጄ ሳህን አመለጣት። ሳህኑ በወራጁ ሲሄድ ከታች ግንድ የመሰለ ነገር ሽቅብ መጣ። ልጄን በቀሚሷ ጎትቼ ወጣሁ። ዕቃው እዚያው ቀረ።

ስንመለስ የደኑ ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ እሳቱን ቁልቁል ያያል።

«ይሄን እሾህ ወደ ወንዙ መውረጃው ላይ የከመሩት እረኞቹ ናቸው» አለ። «አዞ ጥጃ ወስዶባቸው ነው የዘጉት። ጠዋት እንዳይነኩት ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አባት።»

ባለቤቴ ወንድሙን አየው። ወንድሙ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ብነግራችሁ ታድሩ ነበር?» አለ። «ደግሞስ ምን ሆናችሁ? ይኸው ደህና ናችሁ።»

ባለቤቴ አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ሻይ ይፍላ አለ።

ልጄን ይዤ ከጠባቂው ጋር እስከ አስፋልቱ ሄድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ልጄ ለጋብቻ ስትጠየቅ አባቷ ሞቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን መቀበል የሚገባው አጎቷ ነው። ጋቢውን አሳጥቦ እየጠበቀ እንደሆነ ነገሩኝ። የእኔን ወንድም ከገረሴ አስመጥቼ በቦታው አስቀመጥኩ። አጎቷን ለሠርጉም አልጠራሁትም።