የቤቱ ጌታ

አባቴ የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኩት በጠራራ ፀሐይ ነው።

«ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!»

ሁዳዴ ነበር፤ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዘጠኝ ሰዓት ለማንም አይመሽም። ቀልድ መስሎኝ እየሳቅሁ በሩን ከፈትኩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው እጅ ነሱኝ።

«እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከተወለድኩ ጀምሮ «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው «አንቱ» አሉኝ።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ግፊትም ስኳርም አለባቸው። በጾም ግን የጠዋቱን ኪኒን አይነኩም ነበር፤ ከቅዳሴ በፊት መዋጥ መግደፍ ነው ባይ ነበሩ። የነፍስ አባታቸው ለበሽተኛ ተፈቅዷል ብለው ቢለምኗቸው ወይ ፍንክች! እኔማ ቁጣ ይቀድመኛል፣ እጮህባቸው ነበር። «ጾም የገደለው ሰው አላየሁም» ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ግፊቱና ስኳሩ የአንጎላቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ሲደፍን ኖሯል። «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በመድኃኒት እንጠብቅ» አለኝ ሐኪሙ።

የሚያስፈራኝ ዜማው አለመጥፋቱ ነው። ውዳሴ ማርያሙን አንዲት ፊደል ሳይስቱ ያደርሳሉ፤ ድምፁ የአባቴው ነው። ሲጨርሱ ግን የሚያዩኝ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ነው። ከዚያ ሟች እናቴ ትቀመጥበት ወደነበረው መደብ ዞር ይሉና «ደከመሽ? ትንሽ አረፍ በይ እንጂ» ይላሉ። ለባዶው መደብ «አንቺ»፣ ለእኔ «አንቱ»። እኔ ወደዚያ አላይም፤ እፈራለሁ።

ኪኒኑን አሁን ይውጣሉ። እንግዳ የቀረበለትን አይገፋማ! «ቤት ያፈራውን ይቅመሱልኝ» ብዬ በሁለት እጄ ስሰጣቸው ብድግ ብለው ይቀበሉኛል፣ ቤቱን መርቀው ይውጣሉ። አባቴን ማሳመን አቅቶኝ እንግዳውን አሳመንኩት። ደስ ግን አላለኝም።

ትናንት ኪኒናቸውን ከዋጡ በኋላ በሩን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሜቴ፣ የቤቱ ጌታ ቆዩሳ? ይህን ያህል ተስተናግዶ ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው። መቼ ይመለሳሉ?»

ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«እኔም እየጠበቅኋቸው ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያስ በሩን አይዝጉባቸው» አሉኝ።