ከሩቅ የመጣ የውሻ ወሬ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ማርታ ቤቴ መጥታ ላፕቶፗንና አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የሬዲዮውን ሽቦ በመስኮት አውጥታ በረንዳው ላይ አሰረችው። ከሬዲዮው የሚወጣው ሹሹታ ብቻ ነበር፤ ደረቅ ሽምብራ በወንፊት ሲንገዋለል የሚመስል። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ እያመለከተች፣

«አየሽ አክስቴ? ጆሮ የማይለየውን ኮምፒዩተሩ ያነበዋል» አለችኝ።

እውነትም በየጥቂት ሰከንዱ አዲስ መስመር ብቅ ይል ነበር። እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ይህን ያህል እሰማሃለሁ፣ ደህና ሁን። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ማርታም የራሷን እየላከች መልስ ትጠብቃለች።

«የሰው ድምፅ ቢሆን መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ይኼ ግን ድምፁ አለ ወይም የለም ነው፤ ለዚያ ነው አቅም ሳይኖረው የሚያልፈው» አለች።

ይህንኑ ነገር ከብዙ ዓመት በፊት ከጎረቤታችን ከጋሽ ታደለ አፍ ሰምቼው ነበር።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን ጠዋት አፍንጮ በር ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ማልቀስም ያስጠይቅ ስለነበር እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። እኔ አላለቀስኩም። ብዙ እንደተቀመጡበት እግር የሆነ ነገሬ ደንዝዞ ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ።

ጋሽ ታደለ የግቢያችን ተከራይ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው የቴሌግራፍ ጡረተኛ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ፈቃድ አውጥተው በሬዲዮ ከዓለም ሰው ጋር በሞርስ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ እየላኩ፣ ይጨዋወቱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መናገሪያውን አስረከቡና መስሚያው ቀረላቸው። እናቴ፣ «ከግቢ አትውጣብኝ እንጂ የፈለጉትን ያስተምሯት» ብላ ለመነቻቸው።

በዚያ ክረምት ከምሳ በኋላ እሳቸው ክፍል እየተቀመጥኩ አጭሩንና ረጅሙን ድምፅ መለየት ተማርኩ። ክፍሉ የላምባና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ነበረው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ሬዲዮው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዝናብ ይወርዳል፤ ከዚያ ሥር፣ ከመርፌ የቀጠነች ጢጢታ።

«ያልሰማሽውን ከራስሽ አትጨምሪ። ባዶውን ባዶ ተይው፤ ሰውየው ይደግመዋል» ይሉኝ ነበር።

መማሩን ወድጄው ነበር ልል አልችልም፤ ግን እዚያ ስቀመጥ ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ነሐሴ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ የተዘረጋውን ሽቦ አዩት። በጠራራ ፀሐይ መጥተው ጋሽ ታደለን ከነሬዲዮአቸው ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው። «ልጅቷም ትማር ነበር» ያለ ሰው ነበርና እኔንም አስከተሉኝ። እናቴ እስከ በሩ ተከተለችን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ለጋሽ ታደለ ልጅ ሊሆናቸው የሚችል ወጣት ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይኼ ሽቦ ከማን ጋር ያገናኝሃል?»

«ከማንም። መስማት ብቻ ነው።»

«ምን ትሰማለህ?»

«ሰዎች ሲጨዋወቱ። ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣ ይላሉ።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ሰው ባሕር አሻግሮ ዝናብ ዘነበ ለማለት ይህን ሁሉ ይለፋል?»

ከዚያ የራሱን ፈተና አወጣ። ሽቦውን በመስኮት አስወጥቶ፣ ሬዲዮውን አስከፍቶ፣ እኔንና ጋሽ ታደለን ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠን። የሰማነውን በየፊናችን በአማርኛ እንድንጽፍ አዘዘ። ካልተመሳሰለ ሁለታችንም እንደማንወጣ ነገረን።

ጋሽ ታደለ የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ይሰማኛል። ብዙ ሹሹታ፣ ከዚያ አንዲት ደካማ ጢጢታ፤ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንኳ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሊቀመንበሩ ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። የኔ፣ «ዝናብ... ቀኑ... ውሻዬ ታሟል» ይላል። የሳቸው፣ «... ሦስተኛ... ውሻዬ ታሟል... ሌሊቱን ሙሉ» ይላል። ውሻው ሁለቱም ላይ አለ፤ ተመሳስሏል። ሊቀመንበሩ ግን ቀና አለ።

«ውሻው ማነው?»

«ውሻ ነው» አሉ ጋሽ ታደለ።

«የማን ስም ነው እያልኩህ ነው!»

«ጌታዬ፣ ሰውየው ውሻ አለው። ታሞበታል።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«ውሻው መታመሙን» አልኩ።

እኔን ልጅ ናት ብለው ለቀቁኝ። እሳቸውን አስቀሯቸው። ከበሩ ስወጣ፣ «ልጄ፣ ምስሩን ጥጄ ነው የመጣሁት፤ አውርጂልኝ» አሉኝ።

በፒያሳ በኩል ተመለስኩ። ካፊያ ነበር። ከኬክ ቤቱ የቫኒላ ሽታ ይመጣል፤ ሰው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣል። ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ ሳመችኝ። እኔ ምስሩ አሮ ነበርና ድስቱን በአመድ ፈተግኩት።

ከዚያ በኋላ ቀበሌ ለታሰሩት ለጋሽ ታደለ ምግብ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ይቀበለኛል፤ ባዶውን ከመለሰልኝ ሰውየው አለ ማለት ነው። አንዳንድ ሴቶች ምግባቸው እንዳለ ሲመለስላቸው አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። እንደ ቆሙ ይቀራሉ። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ጋሽ ታደለ ከጥምቀት በኋላ ተፈቱ። ከስተው፣ ግራ ጆሯቸው በጥፊ ብዛት ደንቁሮ። ሬዲዮው አልተመለሰም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ በደህናው ጆሯቸው በኩል ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣

«ያ ውሻ ዳነ ይሆን?» አሉኝ።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። እሳቸውም ሳቁ። እኔም መሳቅ እንዳለብኝ አውቄ ጥርሴን አሳየኋቸው።

ደርግ ሳይወድቅ ጋሽ ታደለ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ቆምኩ።

ለማርታ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ አንድ ጎረቤት ሞርስ አስተምሮኝ ነበር ብቻ አልኳት። ሰው ጊዜ ያልፋል፣ ልብም ይመለሳል ይላል። ጊዜውስ አለፈ። እኛ ግን ያኔ ሐዘንም ደስታም አለመሰማትን እንደ ሙያ ተማርነው፤ አሁን ይበቃል፣ ተዉት ብሎ የነገረን የለም። አላማርርም። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሰው ቀብሬያለሁ፣ ሁሉንም እንደሚገባው አድርጌያለሁ።

ማርታ ድንገት ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«አክስቴ! መለሰልኝ! ሰማኝ!»

የማታውቀው ሰው፣ ከስሙና ካለበት ቦታ በቀር ምንም ያልነገራት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እጄን ይዛ ወዘወዘችኝ፤ እጇ ይሞቃል። ስክሪኑን ትቼ እሷን ብዙ አየኋት።