ሙላቴ የጨማመረበት ገበጣ

ሙላቴ አናጢ ነበር፤ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ እኔ ልብስ ከምሰፋበት ቤት ጎን በርና መስኮት ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው። አንድ ዐመል ግን ነበረበት፤ የጨረሰውን ሥራ አርፎ መተው አይሆንለትም። ለቅሶ ሊደርስ በሄደበት ቤት እንኳ የራሱን ወንበር ካየ፣ እንግዳ አስነሥቶ የወንበሩን እግር ያስተካክላል። እኛም እንስቅበት ነበር።

ወዳጁ አያሌው በእብናት መንገድ በኩል የሚኖር ገበሬ ነው። ቅዳሜ እህሉን ገበያ አውጥቶ ይሸጥና ሙላቴ ቤት ያድራል። በአንድ ዳዊት ለሁለት የተማሩ አብሮ አደጎች ናቸው። ከአብዮቱ በፊት አያሌው የዋንዛ ግንድ አመጣ፣ ሙላቴ መሮውን ያዘ፣ ተጋግዘው ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ፈለፈሉ። በዚያ ገበጣ ስንቱ ተጫውቷል! ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ሰው ጥላውን መጠርጠር ሲጀምር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሙላቴ በረንዳ ላይ ግን ይሳቅ ነበር። ጠጠር ማደል ማንንም አያስከስስማ! ለሙላቴ ከሁሉ የሚበልጥበት ግን አያሌው ነው። "ከሱ ጋር ካልተጫወትሁ ሳምንቱ አያልቅልኝም" ይል ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ሙገሳ ነው። አንድ ቀን ሙላቴ ከገበጣው ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ ጨመረና "ኬላ" ብሎ ሰየማት። እዚያ የገባ ጠጠር አንድ ዙር ታግዶ ይቆያል፣ ሳይፈተሽ አያልፍም። ሰዉ ግራ ቀኙን አየና በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው? "በሬ" የሚባል ትልቅ ድንጋይ መጣ፤ በሬው የሚገባበት ቢታጣ፣ ሁለቱን ጉድጓድ ቦርቡሮ አንድ አደረጋቸው። ቀጥሎ በየዙሩ ጠጠር የሚያስከፍል "ግብር" መጣ፣ ቀጥሎ "ዘመቻ"። እንጨቱ ሲያልቅበት ሌላ ሳንቃ በምስማር ገጠመበት።

አያሌው ገና በኬላዋ ጊዜ ነግሮት ነበር።

"ይችን ተዋት፣ ሙላቴ። ሐሳብ ከመጣልህ ግንዱን እኔ አመጣልሃለሁ፤ ሌላ ሥራበት። ኬላህንም በሬህንም እዚያ አስገባው። የፈለገ በዚያ ይጫወት፣ የፈለገ በዚች።"

"ሌላውን ማን ብሎ ይጫወትበታል? ሰዉ የለመደው ይችን ነው።"

"ታዲያ የለመደውን ለምን ትነሣዋለህ?"

"ጨመርሁለት እንጂ መች ነሣሁት!"

"ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፣ ወዳጄ።"

ሙላቴ ፈርቶ ነው። አዲሱ እንደ ፊተኛው ባይወደድስ? ሠርቶ ከሚናቅ፣ በተወደደው ላይ መለጠፉ ቀለለው። ሚስቱ ፈንታነሽ ይኸን ዐውቃ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እያለች ትተርበው ነበር። እሱ ግን የሚሰማው የሚያሞግሰውን ብቻ ነው፤ እኔም ከአሞጋሾቹ አንዱ ነበርሁ።

እየዋለ እያደረ ሕጉን በሙሉ የሚያውቅ ሙላቴ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሁልጊዜ እሱ ያሸንፋል። ሌላው ሲከራከር ይመሻል፣ ሰዓት እላፊ ይደርሳል፣ ጨዋታው ሳያልቅ ይበተናል። ወጣቶቹ ወደ ኳሱ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ጠላ ቤት ሄዱ። አያሌውም መጀመሪያ እያዛጋ ተጫወተ፤ ኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ፤ በመጨረሻ "መንገዱ ይመሽብኛል" እያለ ከገበያ ወደ አገሩ ይመለስ ጀመር። ሙላቴም "አኮረፈኝ እንዴ?" እያለ እኔን ይጠይቀኛል።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በአያሌው አገር ዝናቡ ቀረ። ከብቶቹ አለቁ፤ እሱም ለሰፈራ ወደ መተከል ተመዘገበ። ሰፋሪዎቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደብረ ታቦር ደረሱና አያሌው ሙላቴ ቤት መጣ። ከስቶ ነበር፤ አንገቱን ሳየው አለቀስሁ።

"እስቲ ያችን የጥንቷን እንጫወት" አለ።

ሙላቴ ደስ ብሎት ገበጣውን አወጣ። የተቦረቦሩትን ጉድጓዶች ለመለየት መሐላቸው ጨርቅ ጎሰጎሰ፤ ትርፎቹን በጭቃ ደፈነ። ጀመሩ። ሙላቴ ጠጠሩን ሲያድል ሲያድል ጫፍ ደረሰና "እዚህ ታግዷል" አለ።

"በጥንቱ አይታገድም" አለው አያሌው።

"እሺ፣ እውነትህን ነው።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ግብር አስቀመጠ። ቀጥሎ ከየት እንደሚነሣ ጠፋበት። የጥንቱ ጨዋታ ከእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ከራሱም ወጥቶ ነበር። አያሌው ጠጠሩን ሰበሰበ።

"ተወው፣ ደክሞኛል" ብሎ ጋደም አለ።

በማግስቱ ሙላቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ለሰው በር የታዘዘ ወፍራም ሳንቃ ቆረጠና መፈልፈል ያዘ። ሦስት ረድፍ ብቻ፣ ኬላ የለው፣ በሬ የለው። ሳይልገው፣ እጁ እየደማ፣ ይዞት ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት። አያሌውና ሌሎቹ ሰፋሪዎች መኪና ላይ ተጭነው ነበር። ገበጣውን ወደ ላይ አቀበለው።

አያሌው ጉድጓዶቹን በጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ ፈካ።

"እንዲህ ነው፣ ወንድሜ። እንዲህ ሥራ ነበር ያልሁህ።"

"ውሰደው፤ ያንተ ነው።"

"ወስጄ ከማን ጋር ልጫወትበት?" አለና ጎንበስ ብሎ መለሰለት።

ሙላቴ መኪናው ወደ ወረታ ቁልቁል ሲነሣ ገበጣውን በሁለት እጁ ተቀበለ።